የሰንሰለቱን ቀለበት መበጠስ፦ ቀይ ቀበሮ፣ ውሻና ሰው በባሌ ተራሮች

በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ በዓለማችን ቁጥራቸው እጅግ ከተመናመነ ሥጋ በል የዱር እንስሳት አንዱ ነው። በሕይወት ያሉት አዋቂ ቀበሮዎች ቁጥር ከ500 የማይበልጥ ሲሆን፣ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። የእርሻና የግጦሽ መሬት እየሰፋ በሄደ ቁጥር የእንስሳው መኖሪያ መጥበቡ የቆየ ሥጋት ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ አንድን ሸለቆ ሙሉ ባዶ ሊያስቀር የሚችለው ጠላት ግን በዓይን አይታይም፤ እርሱም ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ውድ አንባብያን «የፊዚክስ መምህር ስለ ቀበሮ መጻፍ ምን አገባው?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን አጭር ነው፦ በሽታው ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት መንገድ በኑክሊየር ማብለያ ውስጥ ኒውትሮኖች ከሚባዙበት የሰንሰለት ሂደት ጋር በአንድ ዓይነት ሒሳብ የሚገለጽ ነው። ይህን ሒሳብ ጠንቅቆ መረዳት ለአንድ አሳሳቢ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። በሽታው በተነሣ ቁጥር ውሾችን መግደል ይሻላል ወይስ መከተብ? በዚህ ጽሑፍ እንደምናሳየው፣ ርኅራኄ የሚመርጠው መንገድና ስሌት የሚመርጠው መንገድ አንድ ናቸው።

ቀበሮ ወይስ ተኩላ?

በአማርኛ «ቀይ ቀበሮ» ብንለውም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተካሄዱ የዘረ መል ጥናቶች እንስሳው ከቀበሮዎች ይልቅ ለተኩላ የቀረበ ዝምድና እንዳለው አረጋግጠዋል። ሳይንሳዊ ስሙ ካኒስ ሲሜንሲስ ሲሆን «ካኒስ» የቤት ውሻም የሚመደብበት ወገን ነው፤ «ሲሜንሲስ» ደግሞ የሰሜን ተራሮችን ያስታውሳል። በባሌ የሚኖሩ አርብቶ አደሮች በኦሮምኛ «ጀዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ እንደ ማለት፣ ብለው ይጠሩታል። ስያሜው ሊወልዱ የተቃረቡ ባዝራዎችንና ላሞችን እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ከመብላት ልማዱ የመጣ ነው ይባላል።

የቀይ ቀበሮ ምግብ በአብዛኛው በመሬት ውስጥ የሚኖሩ አይጦችና ፍልፈሎች ናቸው። በባሌ የሚወደው ትልቁ ፍልፈል ወደ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት አለው። ቀበሮው ቀን ቀን ብቻውን ያድናል፤ ነገር ግን ብቸኛ እንስሳ አይደለም። በመንጋ ይኖራል፤ ጠዋትና ማታ ከመንጋው ጋር እየተገናኘ አፍ ለአፍ እየተላላሰ ሰላምታ ይለዋወጣል፤ የግዛቱንም ወሰን በኅብረት እየዞረ ይጠብቃል። በመንጋው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው ዋነኛዋ ሴት ብቻ ስትሆን፣ ያውም በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ሌሎቹ ግልገሎቿን በመመገብና በመጠበቅ ያግዟታል።

ይህ የተዋበ ማኅበራዊ ኑሮ ለበሽታው ምቹ በር ይከፍታል። በምራቅ የሚተላለፍ ቫይረስ ወደ አንድ መንጋ ከገባ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ለመድረስ ብዙ አይቸገርም። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚወልድ መንጋም ከደረሰበት ጉዳት ለማገገም ዓመታት ያስፈልጉታል። ከዚህ በፊት ቀይ ቀበሮ ይኖርበት የነበረው የጎጃሙ ጮቄ ተራራ ዛሬ ቀበሮ የሌለበት ነው። አንዱ ተራራ ከሌላው በእርሻና በቆላ ስለተለየ ከአንድ ቦታ የጠፋውን ቀበሮ ከሌላ ቦታ በራሱ መጥቶ የሚተካ ዘመድ አይኖርም።

በሽታው ወደ ተራራው እንዴት ይወጣል?

በባሌ ደጋማ ቦታዎች ከብት የሚያረቡ ሰዎች ውሻ የሚያሳድጉት ለጌጥ አይደለም። ጅብና ነብር በሌሊት በጎችንና ጥጆችን ስለሚነጥቁ ውሻ የበረቱ ዘበኛ ነው። ከብቶቹ ለግጦሽና ለሆራ ወደ ላይ ሲወጡ ውሾቹም አብረው ይወጣሉ። በዚያም ያገኙትን ጥንብ ይበላሉ፤ ከቀበሮ ጋርም ይገናኛሉ፤ አንዳንዴም ይነካከሳሉ። ስለዚህ ሦስት ጎረቤቶች በአንድ መሬት ላይ ይኖራሉ፦ ሰው፣ ውሻና ቀበሮ። ቫይረሱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚሻገረው በዚህ ጉርብትና በኩል ነው።

በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991–92፣ በ2003–04፣ በ2008–09 እና በ2014–15 የእብድ ውሻ በሽታ በቀይ ቀበሮዎች ላይ ተነሥቶ ነበር። በየመካከሉም ዲስቴምፐር የተባለው ሌላው የውሻ በሽታ ተጨማሪ ጉዳት አድርሷል። በ2003–04 ወረርሽኝ በወብ ሸለቆ ይኖሩ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹ አልቀዋል።

ጉዳቱ በቀበሮ ላይ ብቻ የሚቆም እንዳልሆነ መዘንጋት የለበትም። በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ የሚገመት ሲሆን፣ ከ100 ሟቾች 99ኙ ገደማ በሽታው የያዛቸው ከውሻ ነው። ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። አገራችንም ችግሩ ከበረታባቸው አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ የቀበሮው ጉዳይና የልጆቻችን ጉዳይ የሚለያዩ አይደሉም።

የሰንሰለት ሂደትና የመባዛት ቁጥር

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንመለስ። አንድ ኒውትሮን የዩራኒየም 235ን ኑክሊየስ ሲሰነጥቅ በአማካይ 2.4 ያህል አዳዲስ ኒውትሮኖች ይወጣሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከቁሱ ውጭ ያመልጣሉ፤ አንዳንዶቹ በሌላ ነገር ይዋጣሉ፤ የቀሩት ሌሎች ኑክሊየሶችን ይሰነጥቃሉ። ዋናው ጥያቄ አንድ ስንጠቃ በአማካይ ስንት ተከታይ ስንጠቃዎችን ይወልዳል የሚለው ነው። ይህን የመባዛት ቁጥር «መ» ብለን እንሰይመው። «መ» ከ1 ከበለጠ ሂደቱ ይስፋፋል፤ ከ1 ካነሰ በራሱ ይከስማል፤ በትክክል 1 ከሆነ ባለበት ይቀጥላል።

የእብድ ውሻ በሽታም እንዲሁ ነው። አንድ የታመመ ውሻ ከመሞቱ በፊት በአማካይ ስንት ሌሎች ውሾችን ያሳምማል? በአንድ አካባቢ «መ» 1.5 ነው እንበል። በአንድ የታመመ ውሻ የተጀመረው ሰንሰለት በአሥረኛው ትውልድ ላይ 1.5 በራሱ አሥር ጊዜ ተባዝቶ ወደ 58 የታመሙ ውሾች ይደርሳል። «መ» ወደ 0.8 ቢወርድ ግን በአሥረኛው ትውልድ የሚጠበቀው ቁጥር 0.1 ያህል ብቻ ነው፤ በሌላ አነጋገር በሽታው ከዚያ በፊት የመጥፋቱ ዕድል እጅግ ከፍተኛ ነው። በ1.5 እና በ0.8 መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ ሲታይ ትንሽ ነው። በሸለቆው ላይ ግን የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው።

ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 1942 በቺካጎ የመጀመሪያውን ቁጥጥር ያለበት የሰንሰለት ሂደት ሲያካሂዱ ሂደቱን የገቱት በካድሚየም ነበር። ካድሚየም ኒውትሮንን ይውጣል፤ ሌላ ኒውትሮን ግን አይወልድም። ሰንሰለቱ እርሱ ጋ ሲደርስ ይበጠሳል። የተከተበ ውሻ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ያበደ ውሻ ቢነክሰው ንክሻውን ይቀበላል፤ በሽታውን ግን ለሌላ አያስተላልፍም።

መግደል ለምን አይሠራም?

ብዙዎች በቅን ልቦና እንዲህ ብለው ያስባሉ፦ የውሾች ቁጥር ከቀነሰ መገናኘታቸው ይቀንሳል፤ መገናኘታቸው ከቀነሰ በሽታው ይጠፋል። ይህ አስተሳሰብ ለኒውትሮን ይሠራል። ዩራኒየሙን ብናሳሳው ኒውትሮኖቹ ዒላማ ሳያገኙ ያመልጣሉና «መ» ይወርዳል። ንጽጽራችን የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። ኒውትሮን ዒላማውን አይፈልግም፤ በደፈናው ይጓዛል። ያበደ ውሻ ግን ይሮጣል፤ ከመንደር መንደር ይሻገራል፤ የሚነክሰውን ፈልጎ ያገኛል። ሕመሙ ከታየበት በኋላ የሚቆየው ጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ የሚነክሳቸውን ውሾች ብዛት የሚወስነው በአካባቢው ያሉት ውሾች ቁጥር ሳይሆን በእነዚያ ቀናት ሊነክስ የሚችለው መጠን ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በሰሜን ታንዛኒያ በሰሬንጌቲ አካባቢ እያንዳንዱን ንክሻ ከምንጩ ጀምሮ እየተከታተለ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ በሌሎች አገሮች ከታዩ ወረርሽኞች ጋር በማነጻጸር፣ የበሽታው የመባዛት ቁጥር በ1 እና በ2 መካከል መሆኑን አሳይቷል። ውሾች በተጨናነቁበትም ሆነ በሳሱበት ቦታ ይህ ቁጥር ያን ያህል አይለያይም። ስለዚህ ግማሹን ውሾች ብንገድል «መ» በግማሽ አይወርድም።

ከዚህም በላይ መርዝ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። በመርዝ የተለወሰ ሥጋ በየሜዳው ሲጣል አስቀድሞ የተከተበውንም ውሻ ይገድላል፤ ይህም ካድሚየሙን ከማብለያው ውስጥ አውጥቶ እንደ መጣል ነው። በረቱ ያለ ዘበኛ የቀረበት አርብቶ አደር ደግሞ ሳይውል ሳያድር ከሌላ መንደር ቡችላ ያመጣል። ቡችላው አልተከተበም፤ ምናልባትም በሽታው በውስጡ ተደብቆ ይሆናል። መርዙም በውሻ ላይ አይቆምም፤ ጥንብ አንሳውን፣ ጅቡን፣ እንጠብቀዋለን ያልነውን ቀበሮም ሊገድል ይችላል። ውሻው የሚሞተውም በብዙ ሥቃይ ነው። እንግዲህ ይህ መንገድ ከጭካኔው በተጨማሪ ከንቱ ነው።

70 በመቶ ከየት መጣ?

የመባዛት ቁጥሩ «መ» በሆነበት ቦታ ሰንሰለቱን ለመበጠስ መከተብ ያለበት የውሾች ድርሻ 1 − 1/መ ነው። ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም፤ ከውሾቹ ይህን ያህሉ ንክሻውን ውጠው ካስቀሩት የቀሩት ወደ በሽታ የሚገቡት በአማካይ ከአንድ አይበልጡም። «መ» 1.5 ከሆነ ወሳኙ ድርሻ 33 በመቶ ነው። «መ» 2 ከሆነ ደግሞ 50 በመቶ ይሆናል። ታዲያ የጤና ባለሙያዎች ከውሾች 70 በመቶው ይከተቡ የሚሉት ለምንድን ነው?

መልሱ ጊዜ ነው። የገጠር ውሻ ዕድሜው አጭር ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ ከሦስት ውሾች አንዱ እየሞተ ባልተከተበ ቡችላ ይተካል እንበል። ዛሬ 70 በመቶውን ብንከትብ ከዓመት በኋላ ክትባት ያለው ድርሻ ወደ 47 በመቶ ይወርዳል፤ ይህም ከ33 በመቶው ወሰን በላይ ነው። ዛሬ 45 በመቶውን ብቻ ብንከትብ ግን ከዓመት በኋላ 30 በመቶ ስለሚቀር ሰንሰለቱ እንደገና ይቀጠላል። ትርፉ ለብክነት የተጨመረ አይደለም፤ እስከሚቀጥለው ዘመቻ ድረስ የሚያደርስ ስንቅ ነው። ክትባቱ በየዓመቱ መደገም ያለበትም ለዚህ ነው።

በባሌ ተራሮች ዙሪያ ይህ ሥራ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ እየተካሄደ ነው። የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ባለሙያዎች ከመንግሥት የዱር እንስሳትና የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤቶች ጋር በመሆን በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን ይከትባሉ። ሥራው ቀላል አይደለም። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለው ቅዝቃዜ ተጠብቆ መንገድ በሌለበት ተራራ መጓጓዝ አለበት፤ ሰው እጅ ያልለመደ የበረት ውሻንም መያዝ የራሱ የሆነ ድፍረት ይጠይቃል።

በሸለቆው አንገት ላይ የሚቆም አጥር

ውሾችን መከተብ የመጀመሪያው ግንብ ነው። ቫይረሱ ግንቡን አልፎ ወደ ቀበሮዎቹ ቢገባስ? እዚህ ላይ ከሩቅ አገር የተገኘ ልምድ እንመልከት። በአውሮፓ የእብድ ውሻ በሽታ በቀበሮዎች መካከል በተስፋፋበት ዘመን ቀበሮዎችን በጥይትና ጉድጓዳቸው ውስጥ በጋዝ ለመጨረስ ብዙ ተሞክሮ ነበር፤ በሽታው ግን ወደፊት መጓዙን አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ1978 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች የሚዋጥ ክትባት በዶሮ ጭንቅላት ውስጥ ደብቀው በሮን ወንዝ ሸለቆ መግቢያ ላይ በተኑ። ቀበሮዎቹ ዶሮውን በሉ፤ በሽታውም ወደ ሸለቆው ውስጥ ዘልቆ ሊገባ አልቻለም። ይህ ዘዴ ተስፋፍቶ ምዕራብ አውሮፓን ከቀበሮ ወለድ የእብድ ውሻ በሽታ ነፃ አውጥቷል። ጠመንጃ ያልቻለውን አንድ የዶሮ ጭንቅላት ቻለ ማለት ነው።

ባሌም ከዚህ የሚመሳሰል መልክዓ ምድር አለው። የወብ፣ የሞራባዋና የሳነቴ ቀበሮዎች የሚገናኙት በጠባብ መተላለፊያዎች በኩል ነው። በ2003 ወረርሽኙ በወብ ሸለቆ ሲቀጣጠል ባለሙያዎች 70 ያህል ቀበሮዎችን በተለይ በመተላለፊያዎቹ አካባቢ ጉዳት በማያደርስ ወጥመድ እየያዙ ከተቡና መልሰው ለቀቁ። በሽታው ከወብ ሸለቆ አልፎ ወደ ቀሪዎቹ ቀበሮዎች ሳይዛመት ቀረ። የዚህ ሥራ ትንተና እ.ኤ.አ. በ2006 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ታትሟል። ከዚያም ቀደም ሲል በ2002 የታተመ የሒሳብ ሞዴል ከቀበሮዎቹ ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን ብቻ መከተብ ትልልቆቹን ወረርሽኞች ሊያስቀር እንደሚችል አመልክቶ ነበር።

ይህ ግኝት ከላይ ከሰጠነው ስሌት ጋር የሚጋጭ ሊመስል ይችላል። ልዩነቱ በዓላማው ላይ ነው። በውሾች ዘንድ የምንፈልገው በሽታውን ፈጽሞ ማጥፋት ነው። በቀበሮዎቹ ዘንድ ግን መጀመሪያ የምንፈልገው ቁጥራቸው ሊያገግሙ ከማይችሉበት ወለል በታች እንዳይወርድ ነው። አንዳንድ ቀበሮዎች ቢሞቱም ዘሩ ከተረፈ መንጋው ራሱን መልሶ ይሠራል።

ቀበሮን አድኖ በወጥመድ መያዝ ግን አድካሚ ከመሆኑም በላይ እንስሳውን ያስጨንቃል። ስለዚህ ለዓመታት ከተካሄደ ሙከራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 በባሌ በአፍ የሚሰጥ ክትባት ፕሮግራም ተጀመረ። ክትባቱን የያዘች ትንሽ ከረጢት በፍየል ሥጋ ውስጥ ትደበቃለች። ቀበሮው ሥጋውን ሲነክስ ከረጢቷ ትፈነዳለች፤ ፈሳሹም የአፉን ውስጠኛ ሽፋን ነክቶ የመከላከል ኃይሉን ያነሣሣል። ማንም አልያዘውም፤ ማንም አልወጋውም። ቀበሮው ቀለብ አገኘሁ ብሎ ይሄዳል፤ ሰንሰለቱም እርሱ ጋ ይቆማል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ምዝገባው የሚያኮራ ቢሆንም ቫይረስ የቅርስ መዝገብ አያነብም። የሚያቆመው የእያንዳንዱ በረት ውሻ ክትባት ነው። ስለሆነም ከዚህ ጽሑፍ የሚከተሉትን ይዘን እንድንሄድ እንሻለን።

አንደኛ፣ ውሻ ያለን ሰዎች ሁሉ በየዓመቱ እናስከትብ። በአዲስ አበባ የተከተበ ውሻ ለባሌ ቀበሮ በቀጥታ ባይጠቅምም ለጎረቤት ልጅ ይጠቅማል። ወደ ገጠር ለበዓል ውሻ ይዞ መሄድ የሚያስብ ግን መጀመሪያ ያስከትብ።

ሁለተኛ፣ በየቀበሌያችን በሽታ ተነሣ ሲባል መርዝ ከመጠየቅ ይልቅ ክትባት እንጠይቅ። ከላይ ያለው ስሌት ለማንም ሊብራራ የሚችል ስለሆነ ተማሪዎቻችን ክረምቱን ወደየቤተሰባቸው ሲሄዱ ይህን ይዘው ይሂዱ።

ሦስተኛ፣ ሰው በውሻ ወይም በሌላ እንስሳ ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ ያህል በብዙ ውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ጸበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚሻ ሰው እምነቱ የተከበረ ነው፤ ነገር ግን ክትባቱን አስቀድሞ ይውሰድ። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በውሻ የተነከሰውን ትንሹን ዦዜፍ ማይስተርን ያዳነው ምልክቱ ሳይታይ ቀድሞ ስለደረሰለት ነው።

አራተኛ፣ ወደ ሳነቴ አምባ የምንጓዝ ሰዎች መኪናችንን በዝግታ እንንዳ፤ ቀበሮዎቹ መንገዱን ያቋርጣሉና። ምግብም አንጣልላቸው፤ መንገድ ዳር ምግብ መጠበቅ የለመደ ቀበሮ ለመኪናም ለውሻም ይጋለጣል።

ከ500 የማይበልጡ እንስሳት በጥቂት ተራሮች ላይ ተበትነው ሲኖሩ እያንዳንዱ ቁጥር ነው። እኛ የፊዚክስ ሰዎች በቁጥር ማሰብ ሥራችን ነው፤ ቁጥሩም የሚነግረን ግልጽ ነው። አርብቶ አደሩ ውሻውን እንዲያጣ አይገደድም፤ ውሻው በመርዝ እንዲሠቃይ አይፈረድበትም፤ ቀበሮው ከተራራው አይጠፋም። ሦስቱ ጎረቤቶች አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ከአሥር ውሾች ሰባቱ በየዓመቱ መከተባቸው ነው።